ስንቅ የማይደርሰው ሰው፤ ከሰማይ ጦርነት ሳይመለስ ስለ ቀረው አብራሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው በቀድሞው መንገድ የተጓዘ ሰው ከተማዋን ከመሰናበቱ በፊት በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ያልፋል። ጥንት ወኅኒ ቤት ይባል የነበረው፥ በኋላ ግን ማረሚያ ቤት የተባለው የቃሊቲ ግቢ ለብዙ ዓመታት በዚያ ኖሯል። በሰንበት ወይም በዓመት በዓል ማለዳ በበሩ ፊት ይታይ የነበረው ነገር ከብዙ ቤተሰብ ልብ የሚጠፋ አይደለም። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሚስቶች ሕፃን አዝለው፥ ሽማግሌዎች ምርኩዝ ይዘው በሰልፍ ይቆሙ ነበር። በእጃቸው መታወቂያ፥ በክንዳቸው የስንቅ ዘንቢል አለ። ጠባቂው ምግቡን ይፈትሻል፤ የታሳሪው ስም ይጠራል፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ በአጥሩ ማዶ አንድ ፊት ብቅ ይላል። «ደኅና ነህን?» «ደኅና ነኝ፤ እናንተስ?» ከዚህ የበለጠ ለመነጋገር ጊዜው አይበቃም። ቢሆንም ያች ሴት ባዶውን ምሳ ዕቃ ተቀብላ ስትመለስ ፊቷ ከመጣችበት ይልቅ ቀለል ብሎ ይታያል። ባዶው ዕቃ ለእርሷ ደብዳቤ ነው፤ ልጄ በልቷል፥ ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው።

በዚያ በር ፊት የቆመን ሰው ዕድለኛ ነው የሚል የለም። ነገር ግን፥ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በአገራችን ያንን በር እንኳ አጥተው የሚመኙ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱም ልጃቸው፥ ባላቸው ወይም አባታቸው ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ፥ ሞተም ሳይባል፥ አለም ሳይባል የቀረባቸው ናቸው። ስንቅ ቢሰንቁ የሚያደርሱበት በር የላቸውም፤ ስሙን ቢጠሩ ማዶ ሆኖ የሚመልስ የለም፤ ይፈታል ብለው በጣታቸው የሚቆጥሩት ዓመት አልተነገራቸውም። የታሰረ ሰው ቤተሰብ ሰው ርቆበታል፤ የደረሰበት ያልታወቀ ሰው ቤተሰብ ግን ሰው ብቻ ሳይሆን ሰውየው ያለበት ስፍራም ጠፍቶበታል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ የቃሊቲ ታሪክ ራሱ ያሳያል። የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ለረጅም ዘመን ታስረው ከቆዩ በኋላ በ2000 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ፍርዱ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ ተፈትተው ወደየቤታቸው ገቡ። በሥራቸው ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን የሞት ፍርድ እንኳ የተፈረደባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ዘመዳቸው የት እንዳለ፥ በምን እንደ ተከሰሰ፥ ምን እንደ ተፈረደበት ያውቁ ነበር። በዚያው ዘመን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ጦር ሜዳ ተልከው ከቀሩት ወታደሮች መካከል ግን መቃብራቸው የማይታወቅ፥ ቀናቸው ያልተነገረ እጅግ ብዙዎች ናቸው።

ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአንድን ሰው ነገር ለማንሣት እንወዳለን። ሰውየው አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ መንገዱም ይኸው በቃሊቲ የሚያልፈው መንገድ ነው።

የቢሾፍቱ መንገድ

ቃሊቲን፥ አቃቂንና ዱከምን ያለፈ መንገደኛ ቢሾፍቱ ይደርሳል። ይህች ከተማ ደብረ ዘይት ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር ናት። ስንት ወጣት መኮንን በዚህ መንገድ ወርዶ የበረራ ትምህርቱን ጀምሯል! ስንት እናትስ ልጇን ለመጠየቅ በዚህ መንገድ ተመላልሳለች! ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስም የዚህ ሰፈር ሰው ነበሩ።

ስማቸው በአገር ዘንድ መሰማት የጀመረው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ የምድሩ ጦራችን በብዙ ግንባር ተከፋፍሎ ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የተሠሩትን ኤፍ አምስት የሚባሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚያበርሩ ጥቂት መኮንኖች የሶማሊያን ሚግ አውሮፕላኖች በሰማይ ላይ ገጠሙ። የጠላትን አውሮፕላን በአየር ላይ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ በዛብህ ጴጥሮስ ነበሩ። የአየሩ የበላይነት ለኢትዮጵያ በመሆኑ የጠላት ጦር ከኋላው ስንቅና ጥይት እንደ ልቡ ማመላለስ አልቻለም። ጦርነቱም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ በተገኘው ድል ወደ ፍጻሜው ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በሰሜን ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮሎኔል በዛብህ አውሮፕላናቸው በኤርትራ ምድር ላይ ተመትቶ በሕዝባዊ ግንባር እጅ ወደቁ። ሰባት ዓመት ያህል በምርኮ ኖሩ። ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ባበቃ ጊዜ ነጻ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ምርኮን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ዳግመኛ ወደ ጦር አውሮፕላን መሰላል ባይወጣ ማን ይፈርድበታል? እርሳቸው ግን ወደ አየር ኃይል ተመለሱ።

በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የድንበር ጦርነት ተነሣ። ግንቦት 28 ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአሥመራን አውሮፕላን ማረፊያ መቱ። በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች በመቀሌ ከተማ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ በዓይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ሕፃናት የሚገኙባቸው ከ50 የሚበልጡ ሰላማውያን ሰዎች አለቁ። በማግሥቱ፥ ግንቦት 29 ቀን፥ ኮሎኔል በዛብህ የሚያበርሩት ሚግ 23 አውሮፕላን በአሥመራ ሰማይ ተመታ። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ወጥተው በሕይወት ወደ ምድር ወረዱ፤ ተማረኩም። መማረካቸውን የኤርትራ መንግሥት በዚያን ጊዜ አስታወቀ፤ ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተማረከ፤ ያውም በዚያው ምድር፥ በዚያው ወገን እጅ። ከመጀመሪያው ምርኮ ተመለሰ። ከሁለተኛው ግን አልተመለሰም።

ሰማይ ምስክር የለውም

እግረኛ ወታደር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ጓደኛ አለ። ቁስሉን የሚያስር፥ የመጨረሻ ቃሉን የሚሰማ፥ ቢያንስ «እዚያ ኮረብታ ላይ ወደቀ» ብሎ ለቤተሰቡ የሚናገር ይኖራል። ተዋጊ አውሮፕላን ግን ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚግ 23 በከፍታ ላይ ሲበርር በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የሚበርር አውሮፕላን በተመታ ጊዜ አብራሪው ለመወሰን ያለው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እጀታውን ሲስብ መቀመጫው እንደ ሮኬት ተወንጭፎ ከነሰውየው ያወጣዋል፤ ቀጥሎ ፓራሹት የሚባለው ዣንጥላ ይዘረጋል። አጅቦት የሚበርረው ጓደኛው ዣንጥላው ሲከፈት ያይ እንደ ሆነ ተስፋ ይዞ ይመለሳል። እርሱ ራሱ ከተኩስ ለማምለጥ ሲታጠፍ ሳያይ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን ለአዛዡ የሚነግረው «ድምፁ ጠፋብኝ» የሚል ቃል ብቻ ይሆናል።

አብራሪው የሚወርደውም በወገን ምድር አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ቦምብ በወረደበት በባላጋራው ምድር ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ተቆጥቷል፤ ዘመዱን ያጣም ይገኝበታል። ስለዚህ የወደቀ አብራሪ ከሌላው ምርኮኛ ሁሉ ይልቅ ሕግ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ሕግ የሚያዝዘው

ይህን ያሰቡ መንግሥታት ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ ስለ ጦር ምርኮኞች የተጻፈውን ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ የምርኮኛን ቤተሰብ አልዘነጋም። የተማረከ ወታደር ቢዘገይ በአንድ ሳምንት ውስጥ መማረኩንና የጤናውን ሁኔታ የሚገልጽ ካርድ ወደ ቤተሰቡ እንዲጽፍ ሊፈቀድለት ይገባል ይላል። ደብዳቤ መገደብ ግድ በሆነ ጊዜም እንኳ በወር ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ እንዳይከለከል ያዝዛል። የማረከው መንግሥት የምርኮኞችን ስም የሚመዘግብ ቢሮ እንዲያቋቁም፥ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኞች ገብተው እንዲጎበኟቸው፥ ውጊያውም ሲያበቃ ሳይዘገዩ እንዲፈቱ ይደነግጋል። በ1969 ዓ.ም. የተጨመረው ሌላው ሰነድ ደግሞ ቤተሰቦች የዘመዳቸውን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳላቸው በግልጥ ቃል አስፍሮታል። ከሚቃጠል አውሮፕላን በዣንጥላ የሚወርድ ሰውም እየወረደ ሳለ እንዳይተኮስበት ይኸው ሰነድ ይከለክላል።

እንግዲህ የእነዚህ ሕጎች አሳብ ሲጠቃለል፥ ለምርኮኛው ቤተሰብ በር ክፈቱለት ማለት ነው። ካርዱ እንደዚያ ባዶ ምሳ ዕቃ ነው፤ ልጃችሁ አለ ብሎ የሚናገር።

በ1990 በተነሣው ጦርነት ግን ይህ በር በጊዜው አልተከፈተም። ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያው ድረስ የቀይ መስቀል ሰዎች በእጇ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች እንዲጎበኙ አልፈቀደችም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ተፈረመ፤ የምርኮኞችም መመለስ ተጀመረ። ሆኖም ኮሎኔል በዛብህ ከተመላሾቹ መካከል አልነበሩም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የተማረከው አብራሪና የአንዳንድ ሚሊሺያዎች ዕጣ እስኪገለጥ ድረስ ብሎ በእጁ ያሉትን ኤርትራውያን ምርኮኞች መመለሱን አቆመ። በዚህ ምክንያት ብዙ ኤርትራውያን ወታደሮች በምርኮ ቆዩ፤ በመጨረሻ በኅዳር 1995 ዓ.ም. የቀሩት ከ1,000 በላይ የሚሆኑ ምርኮኞች ተለቀቁ።

ጉዳዩ በሄግ ለተሰየመው ለኢትዮጵያና ለኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ለሁለቱም ወገን ጥፋቱን ነገረ። ኤርትራ የቀይ መስቀልን ጉብኝት በመከልከሏ፥ ኢትዮጵያም ምርኮኞቹን ሳትዘገይ ባለመመለሷ ሕግ እንደ ተላለፉ ወሰነ።

ከዚህ ፍርድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። የአንድ ቤት ኀዘን ሌላውን ቤት በማሳዘን አይጽናናም። የአብራሪው ወገኖች እውነቱን መጠየቃቸው ፍጹም ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን በመረብ ማዶ የነበረችው እናትም ልጇን ትጠብቅ ነበር። ሁለት እናቶች በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ቆመው ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ የአንዲቱን ዝምታ ለሌላይቱ መልስ አድርጎ መስጠት አይቻልም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው የጦርነቱ ዘመን እንዳበቃ አስታወቁ። ሐምሌ 11 ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ አረፈ። ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች በአውሮፕላን ማረፊያው ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አባት ልጆቹን አገኘ፤ እኅት ወንድሟን ሳመች። አውሮፕላኑ ያረፈው ኮሎኔል በዛብህ በተመቱበት ሰማይ ሥር ነው። የዚያን ቀን ደስታ ታላቅ ነበር፤ ግን ለሁሉም ቤት አልደረሰም።

የተመለሱና የተገኙ

አንባቢ ሆይ፥ ከጦርነት ያልተመለሰ ሰው ሁሉ ፍጻሜው አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ የሌሎቹን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው የጄኔራል ለገሠ ተፈራ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ከሁሉ የላቀ የአየር ላይ ድል ካገኙት አብራሪዎች አንዱ ነበሩ። በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። ጦርነቱ በካራማራ አብቅቶ ሳለ ምርኮኛው አልተፈታም፤ 11 ዓመት ያህል በእስር ኖሩ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በዚያው ዓመት መጨረሻ በቀይ መስቀል አማካይነት ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጄኔራል ለገሠም በሕይወት ተመለሱ። ሲሄዱ በእናቱ እቅፍ የነበረ ሕፃን ሲመለሱ የትምህርት ቤት ተማሪ ሆኗል። በአሥረኛው ዓመት «እንግዲህ ይበቃል፥ ተስፋ ቁረጡ» ብሎ የመከረ ሰው ቢኖር ኖሮ በዓሥራ አንደኛው ዓመት ምን ይል ነበር?

ሁለተኛው በባሕር ማዶ የሆነ ነው። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል አብራሪ ማይክል ስኮት ስፓይከር እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተጀመረበት ሌሊት በኢራቅ በረሃ ላይ ተመቶ ወደቀ። መንግሥቱ በመጀመሪያ ሞቷል አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቃሉን ለውጦ የደረሰበት አልታወቀም አለ፤ ቀጥሎም ተማርኮ ይሆናል አለ። በመዝገብ ላይ የአንድ ቃል መለወጥ ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት! በመጨረሻ በ2009 አጽሙ በምዕራብ ኢራቅ አሸዋ ውስጥ ተገኘ፤ በዚያ በረሃ የሚኖሩ ዘላኖች ቀብረውት ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ዘመዱን በአገሩ አፈር ቀበረ። ዜናው የሞት ዜና ነው፤ ቢሆንም ዕረፍት ነው። ደግሞም የማያውቁትን ሰው፥ ያውም የባላጋራ አብራሪ፥ አፈር ያለበሱት የእነዚያ ዘላኖች ቸርነት ሊዘነጋ አይገባውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የቆየ ነው። ትንሹ ልዑል የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ፈረንሳዊ አብራሪ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1944 ከኮርሲካ ደሴት ለቅኝት ተነሥቶ አልተመለሰም። ለ54 ዓመት ያህል ምልክት አልተገኘለትም። በ1998 አንድ ዓሣ አጥማጅ በማርሴይ ከተማ አጠገብ መረቡን ከባሕር ሲያወጣ ስሙ የተጻፈበት የብር አምባር አገኘ። በ2004 ደግሞ ከባሕር የወጣው የአውሮፕላን ስብርባሪ የእርሱ መሆኑ ተረጋገጠ። አገሩ ያለ መቃብር ስሙን ጠብቆ ስለ ኖረ፥ አምባሩ ሲገኝ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከሦስቱ አንዱ በሕይወት ተመለሰ፤ የአንዱ አጽም ተገኘ፤ የአንዱ አምባር ከባሕር ወጣ። ከእነዚህ የምንማረው፥ እውነት ብትዘገይም በሯን ለዘለዓለም ዘግታ እንደማትቀር ነው። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው ስሙን የሚጠራና የሚጠይቅ ሰው ካለ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሆነው

በአገራችን ልማድ ኀዘን ሥርዓት አለው። መርዶ ይነገራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕድር ይመጣል። ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል፤ ሠላሳው፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁ፥ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ለሟቹ ጸሎት፥ ለቀሪው ደግሞ መንገድ ነው፤ ሰው በዚህ መንገድ ደረጃ በደረጃ ተመርቶ እርሙን ያወጣና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ዕጣው ያልታወቀ ሰው ቤት ግን ይህ መንገድ የለውም። መርዶ ነጋሪ አልመጣም፤ ታዲያ ድንኳኑ በየትኛው ቀን ይተከል? አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ሚስት ጥቁር ብትለብስ «ባሏን ገደለችው» ትባላለች፤ ባትለብስ «ረሳችው» ትባላለች። እናት በበዓል ቀን አንድ ሳሕን ጨምራ ታቀርባለች፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ልጆች በትምህርት ቤት «አባትህ የት ነው?» በተባሉ ጊዜ ሌላው ልጅ በአንድ ቃል የሚመልሰውን እነርሱ መመለስ አይችሉም።

የአገር ሕግ ለዚህ ችግር የራሱ መፍትሔ አለው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፥ አንድ ሰው ከስፍራው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ንብረቱም በሕግ መሠረት ይተላለፋል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ቤት ያለ ወረቀት አይኖርም፥ ልጆችም መማር አለባቸው። ነገር ግን ዳኛ የሚሰጠው ውሳኔ ነው እንጂ ወሬ አይደለም። ወረቀቱን ተቀብላ ከችሎት የወጣች ሴት በልቧ የምትጠይቀው ጥያቄ ገና ከእርሷ ጋር ነው።

በጸሎትም ነገር ተመሳሳይ ጭንቀት አለ። ስለ ሕያዋን የሚጸለየው አንድ ነው፤ ስለ ሙታን የሚጸለየው ሌላ ነው። ለዚህ ሰው የቱ ይጸለይለት? ብዙ እናቶች ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ ሰጥተዋል። የልጃቸውን ስመ ክርስትና ከሕያዋን ጋር ያስጠራሉ፤ ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ወጥተው ይሳላሉ። ቅዳሴያችንም ስለ መንገደኞችና ስለ ታሰሩት ሰዎች ይለምናል። ጌታችን በወንጌል የታሰረውን መጠየቅ ለእርሱ ለራሱ እንደ ተደረገ ቆጥሮታል። የታሰረበት ስፍራ ያልታወቀውን ግን በእግር ሄዶ መጠየቅ አይቻልም፤ ያለበትን በሚያውቀው በእግዚአብሔር ፊት ስሙን መጥራት የእርሱ ጥየቃ ነው።

ከእኛ የሚፈለገው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ጎረቤትና ዘመድ ምን ያድርግ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አስቀድሞ፥ ያልተረጋገጠ ወሬ ወደዚህ ቤት አይዘን አንሂድ። «እገሌ በእገሌ እስር ቤት አየሁት አለ» የሚል ቃል ለተናጋሪው የአንድ ቀን ጨዋታ ነው፤ ለሰሚዋ ግን የአንድ ዓመት እንቅልፍ ነው። በወሬ የተነሣ ያላቸውን ገንዘብ ለአማላጅና ለወሬ ነጋዴ ያፈሰሱ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም።

ሁለተኛ፥ ቤተሰቡን ለኀዘንም ለተስፋም አናስገድደው። «እርምሽን አውጪ» ማለት የእኛ ፋንታ አይደለም፤ «በእርግጥ ይመጣል» ማለትም እንዲሁ የማናውቀውን መናገር ነው። ይህ በቤተሰቡና በንስሐ አባቱ መካከል በጊዜው የሚወሰን ነገር ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በበዓል ቀን መጥቶ አብሮ መቀመጥ፥ የሰውየውን ስም ሳይፈሩ መጥራት፥ ለልጆቹም አባታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ መንገር ነው። ብዙ ሰው ቤተሰቡን እንዳያሳዝን ፈርቶ ስሙን ከመጥራት ይቆጠባል፤ በዚህ ዝምታ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

ሦስተኛ፥ የሚያውቅ ሰው ይናገር። ጦርነት በሁለት ወገን ሰዎች ይደረጋል፤ የወደቀውን ያየ፥ የማረከውን ያጀበ፥ የቀበረውን የሚያውቅ ሰው በየትም አለ። ዛሬ አብዛኞቹ አርጅተዋል። አንድ ሰው የሚያውቀውን ይዞ ወደ መቃብር ቢወርድ ከእርሱ ጋር የሌላው ሰው መቃብር ደግሞ ይቀበራል። መንግሥታትም ቢሆኑ በሰላም ውል ውስጥ ስለ መንገድ፥ ስለ ወደብና ስለ ንግድ ሲጽፉ ስላልተመለሱት ሰዎች የሚናገር አንቀጽ አይርሱ። በመዝገባቸው የሚገኘውን ለመንገር ገንዘብም ጦርም አያስፈልግም፤ ቅን ልብ ብቻ ይበቃል።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በሦስት ጦርነት ተዋግተዋል፥ በሁለት ምርኮ ተፈትነዋል። ስለ ጦርነቶቹ ምክንያት ሰው የየራሱ አሳብ ሊኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ አገር ልጇን ወደ ሰማይ ከላከች በኋላ የት ወደቀ ብሎ መጠየቅ የማይቀርላት ዕዳ መሆኑን የሚክድ የለም። ያወጣቻቸውም አገር፥ የማረከቻቸውም አገር የዚህ ዕዳ ተካፋዮች ናቸው።

በቃሊቲ በር ፊት ትቆም የነበረች እናት ስንቋን አድርሳ ስትመለስ፥ የሚመጣውን ሰንበት እያሰበች ነበር ወደ ቤቷ የምትሄደው። ከእርሷ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፍራ፥ በዚያ በር ፊት ሳትወርድ ወደ ቢሾፍቱ የምታልፍ ሌላ እናት ብትኖርስ? እርሷም ስንቅ አላት፤ የሚቀበላት በር ነው ያጣችው። ያ በር እስኪከፈት ድረስ ስሙን አብረናት እንጥራ።